የሽሮ ቤት ማዕድ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በአራት ኪሎ ዙሪያ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ለምሳ ይለቃሉ። ያን ጊዜ ዋናውን አስፋልት ትቶ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በመጻሕፍት መሸጫው መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ገብቶ፣ በቆርቆሮ አጥር ወደ ተከለለው ግቢ የሚዘልቅ ሰው፣ ገና ቤቱን ሳያይ የሚቁላላ ሽንኩርትና የበሶብላ መዓዛ ይቀበለዋል። የግቢው ጣሪያ እኩሌታው ቆርቆሮ፣ እኩሌታው ሸራ ነው፤ ከሥሩ በላስቲክ የተሸፈኑ ጠረጴዛዎችና ጀርባ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በጓሮው በኩል ደግሞ የከሰል ምድጃዎች ጎን ለጎን ይነዳሉ፤ በላያቸውም ጥቋቁር የሸክላ ድስቶች ይንተከተካሉ። በደጁ ላይ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለም። ደንበኞቹ አድራሻውን ለሌላ ሲጠቁሙ «እውስጥ ያለችው ሽሮ ቤት» ከማለት በቀር ሌላ መጠሪያ አላወጡላትም።

በመግቢያው ማእዘን ካለው ባለ ቧንቧ በርሜል እጁን የታጠበ ሰው ባዶ ጠረጴዛ አይፈልግም፤ በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር አይገኝምና፣ ሰው ወዳለበት ቀርቦ «ይቻላል?» ይላል። የተቀመጡትም ጠጋ ጠጋ ብለው ስፍራ ይለቁለታል፤ ማዕዳቸው ቀድሞ የቀረበ እንደ ሆነም፣ የሚያውቁት ሆነ የማያውቁት፣ «እንብላ» ሳይሉት እጃቸውን ወደ ትሪው አይሰዱም። ወዲያው አስተናጋጇ ትደርሳለች። የምግብ ዝርዝር አልያዘችም፤ ቤቱ የሚሠራውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነው፦ «የጾም ነው የፍስክ?» ፍስክ ያለ እንደ ሆነ ቅቤ ይጨመርለታል፤ የጾም ያለ እንደ ሆነ በዘይት የተሠራው ይመጣለታል፤ ልዩነቱም በዚሁ ያበቃል።

ረቡዕ ቀን ነው። ባንዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ማዕተብ ያሠሩ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከመርካቶ ለጉዳይ የመጣች ሒጃብ የለበሰች ነጋዴ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ የያዘ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ጸጉሩ በሲሚንቶ ብናኝ የነጣ የቀን ሠራተኛ ተቀምጠዋል። በአራቱም ፊት አንዳንድ የሸክላ ድስት ሽሮ አለ። የቀን ሠራተኛው እንጀራው አልበቃ ብሎት ወዲያ ወዲህ ሲመለከት ያዩት አዛውንቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከራሳቸው ትሪ አንድ ጥቅል አንሥተው ያለ ብዙ ንግግር አቀረቡለት፤ እሱም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ተቀበለ።

የከተማችን ታላላቅ ሆቴሎች፣ ስመ ጥር ክትፎ ቤቶችና ጥንታውያን ቡና ቤቶች ታሪክ በየጊዜው ተጽፏል፤ ሊጻፍም የሚገባው ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሕዝብ፣ ሃይማኖቱና ትውልዱ፣ ማዕረጉና ኪሱ ሳይለየው፣ በእውነት ባንድ ማዕድ የሚቀመጠው ወዴት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ስም ከሌላቸው ከነዚህ ግቢዎች ውጭ አይገኝም ብዬ አምናለሁ። ይህም የሆነው ባለቤቶቹ አስበውበት አይደለም። ምክንያቱ ድስቱ ውስጥ ያለው ጥራጥሬ ነው።

መስቀልና ጨረቃ

በአገራችን ሥጋ የሃይማኖት ነገር ነው። ክርስቲያኑ በስመ ሥላሴ ተባርኮ የታረደውን፣ ሙስሊሙም በአላህ ስም የታረደውን እንጂ ሌላውን አይበላም፤ ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ የከተማው ሥጋ ቤቶች በበራቸው ወይም በመስኮታቸው ላይ የመስቀል ወይም የጨረቃ ምልክት አድርገው የማን እንደ ሆኑ ለገዢው ያስታውቃሉ። ይህ ልማድ የጠብ ምልክት አይደለም። ባንድ ሠፈር አብረው ያደጉ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶች ልጅ በዳሩ ጊዜ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ በሙስሊም ሴቶች አሠርቶ፣ ለብቻ ያቀርባል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ያህል መተሳሰብ በብዙ አገር አይገኝም። ይሁን እንጂ መተሳሰቡ ራሱ ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጥ ሠሪ፣ ሁለት ማዕድ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ በፍቅር የተጠራሩት ወዳጆች በመብሉ ሰዓት ለየብቻ ይቀመጣሉ።

ጥራጥሬ ግን ደም የለውምና የአራጁን ሃይማኖት የሚጠይቅ አይኖርም። ሽምብራና ባቄላ፣ አተርና ምስር ለሁሉም የተፈቀዱ ናቸው። ስለዚህም በሃይማኖታቸው ጥብቅ የሆኑ ሰዎች፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆኑ፣ ሥጋ ጨርሶ የማይገባበትን ሽሮ ቤት ይመርጣሉ፤ ከመግባታቸውም በፊት ድስቱ ሥጋ ነክቶ ያውቅ እንደ ሆነ ዝግ ባለ ድምፅ የሚጠይቁ አሉ። ይህን ጉዳይ ያነሣሁላት አንዲት የሽሮ ቤት ባለቤት ነገሩን ከማንም አስቀድማ አስባበት ኖሯል። ሥጋ የገባበትን ቦዘና ሽሮ ብትጀምር ትርፉ እንደሚጨምር ብዙ ሰው መክሯታል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም።

> «ሥጋ ካስገባሁ ግማሹ ደንበኛዬ ይሄዳል፤ ማን እንደሚሄድም አውቃለሁ።»

ነጋዴ ናትና ስለ ትርፍ ትናገራለች። ነገር ግን ከሒሳቧ ውስጥ፣ ብዙ ጉባኤና ብዙ ስብከት ያልፈጸሙት ሥራ በየቀኑ ይፈጸማል፤ ለዚህም ነው የነዚህን ቤቶች ነገር እንደ ቀላል ነገር ማለፍ ያልቻልሁት።

ረቡዕና ዓርብ

የጥራጥሬው ማዕድ እንዲህ የበለጸገው በድህነት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፤ ይህ ግን ከእውነቱ እኩሌታው ነው። ሌላው እኩሌታ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏቸው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይጾማል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይዘልቃል፤ ጾመ ነቢያትና ጾመ ሐዋርያት፣ ነነዌና ገሃድ በየጊዜያቸው ይመጣሉ፤ ረቡዕና ዓርብም፣ ከበዓለ ሃምሳና ልደት ወይም ጥምቀት ከሚውሉባቸው በቀር፣ ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ይሆናሉ። በነዚህ ቀናት ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከማዕድ ይርቃሉ። እንግዲህ ዓመቱን በእኩሌታ ያለ ጥሉላት እንዲያሳልፍ የታዘዘ ሕዝብ፣ ከምድር ፍሬ ብቻ ልዩ ልዩ ጣዕም ማውጣትን በትውልድ ብዛት ቢማር የሚያስደንቅ አይደለም።

የዚህ ትምህርት ውጤት በየዓይነቱ ተብሎ በትሪ ላይ ይቀርባል። በእንጀራው መካከል ሽሮው፣ በዙሪያው ቀይ የምስር ወጥና አልጫ ክክ፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥርና ድንች፣ ፎሶሊያና ሰላጣ፣ ሰናፍጭ የነካው አዚፋ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ በሁዳዴ ጊዜ ደግሞ ሙያ ባላቸው ቤቶች ስልጆ ይታከልበታል፤ ባንድ ጎን ሽንኩርት የተሞላ ቃሪያ ይጋደማል። በረቡዕ ይህን ትሪ ያላዘጋጀ ምግብ ቤት በአዲስ አበባ አይኖርም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዋሽንግተንና በአካባቢው ወገኖቻችን የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ሥጋ የማይበሉ አሜሪካውያንን የሳቡት በዚሁ ትሪ ነው፤ አባቶች ለነፍስ ብለው የሠሩትን ሥርዓት፣ ጾሙን የማያውቅ ባዕድ ለሥጋ ጤና ብሎ ይመገበዋል።

ማክሰኞ ማታ በሥጋ ቤቶች በር የሚታየው ግርግር ረቡዕ ጠዋት ይጠፋል። ሁዳዴ ሲገባ ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ጨርሰው ይዘጋሉ፤ አራጆቹና ሥጋ ቆራጮቹም ዕረፍታቸውን ያን ጊዜ ያደርጋሉ። በኬክ ቤቶች የጾም ኬክ ይወጣል፤ ማኪያቶ የለመደው ሰው ጥቁር ቡና ያዝዛል፤ አልሆንለት ያለውም ከእህል በተሠራ ወተት ይጽናናል። የዓሣው ነገር ግን ዛሬም ክርክር አላጣም። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ከጣና የሚመጣው ዓሣ በጾም ቀን በብዙ ቤቶች ይጠበሳል፤ የሚበሉት አሉ፤ የሚከለክሉት አባቶችም አሉ፤ ሽሮ ቤቶቹ ከዚህ ክርክር ውጭ ሆነው ይኖራሉ።

አንድ በዕድሜ የገፉ ካህን ስለዚህ የጾም ገበያ ስጋታቸውን ሳይሸሽጉ ነግረውኛል። እንደሳቸው አነጋገር፣ ጾም ከጥሉላት መራቅ ብቻ አይደለም፤ ከሰዓቱም መዘግየት፣ ከመጠኑም መቀነስ አለበት፤ ደርዘን ዓይነት ወጥ የተደረደረበት ትሪ በስድስት ሰዓት ቀርቦ እስኪጠግቡ የሚበላ ከሆነ፣ የምግቡ ስም ተለወጠ እንጂ ሰውየው ጾመ አይባልም። ተግሣጻቸው የሚሰማ ጆሮ አላጣም። በሁዳዴ ወደ ሽሮ ቤቶች የሚመጣው ሕዝብ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ አንዱ በምሳ ሰዓት፣ ሌላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ነጠላ እንደ ለበሰ የሚመጣው። ሁለተኛው ጉባኤ ዝግ ያለ ነው። ቆመው ጸሎተ ማዕድ ሳያደርሱ የሚቀመጡ ጥቂቶች ናቸው፤ አስተናጋጇም የጾም ነው የፍስክ ብላ አትጠይቃቸውም።

ከፍሎ መብላት

መብል በገንዘብ መሸጡ ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር ነበር። ቀን የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ደጅ ቢመታ፣ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን እንዳስተናገደ አብልቶ ማሳደር የባለቤቱ ግዴታ ነበር። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት ደግሞ ግብር ነበር። በምኒልክ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ሠራዊቱና ሕዝቡ በየማዕረጉ፣ አንዱ ወገን ሲነሣ ሌላው እየገባ፣ እልፍ አእላፋት ጥሬ ሥጋና ጠጅ ይቀርብላቸው ነበር፤ ንጉሡም ሲመገቡ ዓይን እንዳያገኛቸው በመጋረጃ ይከለሉ ነበር። ሰው በሚያልፍበት ጎዳና ዳር ቆሞ መብላትማ ነውር ብቻ ሳይሆን፣ ለቡዳ ራስን አሳልፎ መስጠት ተደርጎ ይቈጠር ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈርቁራ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናት እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ፣ መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ መግዛትን እንደ ውርደት ቈጥረው ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው እየሄዱ በመብላትና ሒሳብ በመክፈል አስለመዷቸው እየተባለ ይተረካል። ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ ከባቡሩም ጋር ግሪኮችና አርመኖች፤ ግሮሰሪና ዳቦ ቤት ተበራከተ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ያሳለፋቸው የግፍ ዓመታት ደግሞ ፓስታንና ማኪያቶን ጥለውልን ሄዱ። የፒያሳ ቡና ቤቶችና ኬክ ቤቶች ዝና የተነሣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ስለነሱ ሌሎች በሰፊው ጽፈዋልና አልደግመውም።

ብዙዎች የማያነሡት ግን፣ ተራው የከተማ ሰው ከፍሎ መብላትን የተማረው ከሆቴል ሳይሆን ከሴቶች ጓዳ መሆኑን ነው። ትዳር ፈርሶባት፣ ርስት ተከልክላ፣ ወይም ባሏ በጦርነት ሞቶባት ወደ ከተማ የገባች ሴት፣ በእጇ ያለው ብቸኛ ሀብት ሙያዋ ነበር። ጠላ ትጠምቃለች፤ ጠጅ ትጥላለች፤ ጠጪው ሆዱ ባዶ እንዳይሆን ወጥና እንጀራ ታቀርባለች። የዘመኑ ሰው ኮማሪት ብሎ ይንቃት ነበር። በልቶና ጠጥቶ ከቤቷ የወጣው ሰው በአደባባይ ስሟን ለማንሣት ያፍር ነበር፤ ያቺ ሴት ግን ልጆቿን በዚያ ድስት አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለማዕረግ አብቅታለች። ዛሬ ባለ ሽሮ ቤቶቹ የተከበሩ እናቶች ሆነው «እማማ» እየተባሉ ሲጠሩ ስሰማ፣ ይህ ክብር ለቀደሙትም ተመልሶ ቢደርሳቸው ብዬ እመኛለሁ።

> ተራው የከተማ ሰው ከፍሎ መብላትን የተማረው ከሆቴል ሳይሆን ከሴቶች ጓዳ ነው።

የዱቄቱ ነገር

ሽሮን ቀላል ምግብ ነው የሚል ሰው ሥራውን አላየም። ሽምብራው፣ ባቄላው ወይም አተሩ እየተለቀመ ድንጋዩና ነቀዙ ይወጣለታል፤ ታጥቦ ይደርቃል፤ በብረት ምጣድ ለዘብ ባለ እሳት ይታመሳል፤ ይህም ሥራ ዓይን የማይነቀልበት ነው፤ ጥቂት ያረረ እንደ ሆነ ዱቄቱን ሁሉ ያመርረዋልና። ከዚያ ይከካል፤ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ክኩ ከበርበሬና ከጨው፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማና ከበሶብላ፣ ከጥቁርና ከነጭ አዝሙድ ጋር ተመጥኖ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የየቤቱ ጣዕም የሚለየው በዚህ ምጥን ነው፤ ባለሙያዎቹም ይህን ለሠራተኞቻቸው እንኳ አይነግሩም፤ ቅመሙን የሚመጥኑት ሌሊት፣ ብቻቸውን ነው።

ከወፍጮ ቤት የተመለሰው ዱቄት ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በቀጭኑ የተከተፈ ሽንኩርት ውሃው እስኪመጥ ድረስ ይቁላላል፤ ዘይቱና ነጭ ሽንኩርቱ ይከተላል፤ ውሃው ተጨምሮ ሲፈላ፣ ወጥ ሠሪዋ በአንድ እጇ ዱቄቱን እየነሰነሰች በሌላው በማማሰያ ታማስላለች፤ እጇ የዘገየ እንደ ሆነ ይጓጉላል። ከዚያ በኋላ ነው ትዕግሥት የሚጠየቀው፤ እሳቱ ቀንሶ፣ ሽሮው እየተንተከተከ፣ የጥሬ ዱቄት ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት። በስድስት ሰዓት ተኩል ለሚመጣው ሕዝብ ይህ ሥራ ከሦስት ሰዓት በፊት መጀመር ግድ ይሆናል። ደንበኛው ፊት ሲቀርብ የሚፈላው ድስት ለዓይን ደስታ ብቻ አይደለም፤ ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ አንድ ሰው አውርቶም ተከራክሮም ሲበላ ሽሮው እስከ መጨረሻው አይቀዘቅዝም።

እንጀራው የሌላ ሴት ድካም ነው። አብዛኞቹ ሽሮ ቤቶች ራሳቸው አይጋግሩም፤ በየሠፈሩ ለምግብ ቤት የሚጋግሩ ሴቶች አሉ። ጤፉ ከእርሾ ጋር ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል፤ አብሲት ተጥሎለት ኩፍ ሲል ወደ ምጣድ ይወጣል። አንዲት ጋጋሪ እንደ ነገረችኝ፣ ቀን መብራቱ ስለሚቈራረጥባት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሥታ ስትጋግር ታድራለች፤ ጎሕ ሲቀድ እንጀራውን በላስቲክ ጠቅልላ በታክሲ ለየቤቱ ታደርሳለች። የጤፍ ዋጋ እየናረ ከሄደ ወዲህ በዚህ ንግድ ላይ አንድ አሳዛኝ ለውጥ መጥቷል። ቀድሞ ሽሮው እስኪያልቅ የሚጨመር እንጀራ ዋጋ አይጠየቅበትም ነበር፤ አሁን አንዳንድ ቤቶች ጭማሪውን ለብቻ ያስከፍላሉ፤ የማያስከፍሉትም እንጀራውን አሳንሰው ያስጋግራሉ። ባለቤቶቹን አልወቅስም። ነገር ግን አንድ ጭማሪ ለመጠየቅ የሚያፍር ጎልማሳ ሠራተኛ ማየት ይከብዳል፤ አዛውንቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያንን ጥቅል ያነሡት ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ከአግዳሚው በታች

ለሽሮ ቤት የማይበቃ ኪስ ደግሞ አለ። ወደ ማታ፣ ታክሲ ተራ አጠገብ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠብሱ፣ ድንች ቀቅለው በሚጥሚጣ የሚሸጡ፣ በክረምት የበቆሎ እሸት በከሰል የሚጠብሱ እናቶች ይሰለፋሉ። ተማሪውና የታክሲ ረዳቱ ራታቸውን ከነሱ ገዝተው ቆመው ይበላሉ፤ የቀድሞው የመጋረጃ ልማድ ለዚህ ትውልድ ተረት ሆኗል። ከዚያም በታች ቡሌ አለ። ከሆቴልና ከምግብ ቤት የተረፈው ምግብ ተሰብስቦ፣ ተደባልቆ፣ በመርካቶና በሌሎችም ሠፈሮች ለምንዱባን በጥቂት ገንዘብ ይሸጣል። ሥጋው ከሽሮው፣ የጾሙ ከፍስኩ ተቀላቅሏል። ቡሌ የሚበላ ሰው ሃይማኖቱ የሚፈቅድለትንና የማይፈቅድለትን የመለየት መብት እንኳ የለውም። በየዓይነቱን ስናደንቅ ይህን መርሳት ኃጢአት ይመስለኛል፤ ርካሽ ሽሮ ቤት ከአንድ ሠፈር በጠፋ ቁጥር የሚጠቀመው የቡሌ ገበያ ነውና።

ግቢው ሲነሣ

እነዚህ ቤቶች በርካሽ ማብላት የቻሉት በደግነት ብቻ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በመሐል ከተማ ያሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገብተው በአነስተኛ ኪራይ ይሠራባቸው ነበር። በውድ መንገድ ዳር በርካሽ ቤት ውስጥ የተጣደ ድስት በርካሽ ይሸጣል፤ ምስጢሩ ይህ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ፣ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት አሮጌዎቹ ሠፈሮች ሲፈርሱ፣ ከቤቶቹ ጋር ያ ኪራይም አብሮ ሄደ።

ለእውነት መቆም ካስፈለገ፣ የፈረሰው ሁሉ የሚለቀስለት አይደለም። ጉድጓዳቸው የሞላ መጸዳጃ ቤቶች፣ ክፍት የፍሳሽ ቦዮች፣ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የማያስገቡ መተላለፊያዎች ነበሩባቸው፤ በዚያ መካከል ምግብ መሠራቱ ራሱ ያሰጋ ነበር። ሰፊው የእግረኛ መንገድና የሕዝብ መጸዳጃው ጥሩ ነገር ነው፤ ይህን የማይቀበል ሰው በቀድሞው መንገድ በክረምት ሄዶ አያውቅም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የመኪና ማቆሚያ ስፍራ በፕላን ላይ ሲሠመር፣ የአረንጓዴ ቦታው ሲለካ፣ ለዚህ ሁሉ ሠራተኛ ምሳ የሚሠራው ድስት የሚጣድበት ስፍራ ለምን አብሮ አይሠመርም? ሰው መቀመጫና መብራት እንደሚያስፈልገው የታሰበለት ያህል እንደሚርበውም ሊታሰብለት ይገባል።

ከተነሡት ባለ ሽሮ ቤቶች አንዳንዶቹ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ አዲሶቹ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደዋል። በዚያ ያለው ሰው ግን ቀን ቀን መሐል ከተማ ውሎ ማታ በቤቱ የሚበላ ስለ ሆነ፣ የምሳ ሰዓታቸው ጭር ያለ ነው። በመሐል ከተማ የቀረው ሠራተኛ ምሳ ዕቃ መቋጠር ጀምሯል። ታላላቆቹ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞች ክበብ አላቸው፤ በነዚህም ምግቡ ርካሽ ነው፤ ንጽሕናውም የተጠበቀ ነው። ነገር ግን ወደ ክበቡ የሚገባው በበሩ ላይ ተፈትሾ፣ መታወቂያ አሳይቶ ነው። ከገጠር ለፍርድ ቤት ጉዳይ የመጣው ባላገር፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ሊስትሮው፣ ያንኑ ሕንፃ የሚገነባው የቀን ሠራተኛ ከዚያ በር አያልፉም። መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በመመገቡ ምስጋና ይገባዋል፤ ባንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ግን አሁን በበረኛ ተለይተዋል።

ከፈረሱት ቤቶች በአንዱ ለብዙ ዘመን የሠራች አንዲት ወጥ ሠሪ አሁን በአንድ ትልቅ ግንባታ አጥር ጥግ ሸራ ወጥራ ለግንበኞቹ ሽሮ ታበስላለች። ከሸራዋ ፊት ለፊት ባለው፣ ባለቀው ሕንፃ ምድር ቤት አንድ ባዶ ክፍል አይታ ባለቤቱን ጠይቃ ነበር፤ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ እንድትከፍል ነገሯት፤ ቀጥሎም የሽንኩርት ሽታ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል ተብላ ተመለሰች። ለሷ ዓይነት ሰው ምን ቢደረግ ይበቃታል ብዬ ስጠይቃት ማማሰያዋን ከድስቱ ሳታወጣ መለሰችልኝ፦ «ኪራዩ ይቀነስ አልልም፣ በየወሩ ይሁንልኝ። ውሃ ይግባልኝ፤ ጭሱ የሚወጣበት ይሠራልኝ፤ በሩ ደግሞ በመንገዱ በኩል ይሁን፣ ሰው ዘበኛ ሳያልፍ እንዲገባ። ሌላውን እኔ አውቅበታለሁ።»